ወደ ቤሌ የዞረው ድንጋይ

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለውድ ዘመዴ ለእትዬ ፈጠነች፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ፣ ከባለቤትሽ ከአቶ አንጁሎና ከልጆችሽ አይለይ። እኔ በሐዘን ከመሰበሬ በቀር ለጤናዬ ደህና ነኝ። ሰምተሽ እንደሆነ እንጃ፣ አባቴ ገብረሥላሴ በሰኔ ወር አርፏል። እዚሁ ቀበርነው። አያቴ ወይዘሮ ዓመለወርቅ በሕይወት አሉ፤ ከእኔው ጋር ናቸው። እግራቸው ቢከዳቸውም አንደበታቸው የድሮው ነው።

ይህን ያህል ዘመን ሳልጽፍልሽ መቅረቴን ከንቀት እንዳትቆጥሪብኝ። ኑሮ ሰውን ከሰው ያስረሳል። አድራሻሽን የሰጠኝ ከሶዶ የመጣ ሰው ነው። አስተማሪ መሆንሽን፣ ከመናኸሪያው በላይ ቤት መሥራታችሁን ነግሮኝ ደስ አለኝ። በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝን መቼም አልረሳም።

ያው ሰው አንድ ሌላ ወሬ ነገረኝ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ሊሠራ ስለሆነ የግቢው መቃብር ይነሣል፣ ዘመድ ያለው የዘመዱን አጽም እንዲያነሣ፣ ዘመድ የሌለው ግን በአንድ ጉድጓድ እንዲሰበሰብ ማስታወቂያ ተለጥፏል አለኝ። እውነት ከሆነ አንድ አደራ አለኝ። አባቴ ሊሞት ሲል ደጋግሞ ያነሣው የመቃብር ድንጋይ ነበር። አበባ የያዘ ማሰሮ ተቀርጾበታል። የማን እንደሆነ ጥርት አድርጎ አልነገረኝም፤ ለቤተሰባችን ግን ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ሄደሽ ግቢውን ብታይልኝ፣ ማሰሮ ያለበትን ድንጋይ ሁሉ ስሙን አንብበሽ ብትጽፊልኝ ውለታሽ ከእኔ ዘንድ አይጠፋም።

ነገሩ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር። የልጆችሽን የጫማ ቁጥር ላኪልኝ።

አክባሪ ዘመድሽ
ይድነቃቸው ገብረሥላሴ


ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለይድነቃቸው፣

ጌታ ያጽናህ። የአባትህን መሞት ከአንተ ደብዳቤ ነው የሰማሁት። ነፍሱን ይማር፤ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኛ ሁላችን ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ስለነበር በቆሎውም ስኳር ድንቹም ሞልቷል።

ደብዳቤህን ለአንጁሎ ጮክ ብዬ ሳነብለት "ውድ ዘመዴ" የሚለው ላይ ቆምኩ። ሁለተኛም አነበብኩት። አትቀየመኝና ከእናንተ ቤት ሰው ይህ ቃል ሲወጣ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። እናቴ አሳየሽ የአያትህ የግራዝማች ወጥ ቤት ነበረች። አባቴ የግራዝማች ታናሽ ወንድም መሆኑን ሶዶ በሙሉ ያውቅ ነበር። የማይታወቀው እናንተ ቤት ብቻ ነበር። ለማንኛውም ዘመድ ካልከኝ ዘመድ ነኝ፤ እንዳትመልሰው።

አደራህን ፈጽሜአለሁ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ወደ ግቢው ገባሁ። ዘበኛው ያውቀኛል፤ አንጁሎን ካገባሁ ወዲህ የማን ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድም ያውቃል። "ዛሬ ደግሞ ጴንጤዋ መቃብር ልትነቅል መጣች?" አለኝ። "ስም ላነብ ነው" አልኩት። "እናንተ ሙታንን አታነቡም ሲባል ሰምቼ" ብሎ ሳቀና አሳለፈኝ።

ግቢውን ብታየው አታውቀውም። ሣሩ እስከ ጉልበት ነው። ጥዶቹ ግማሾቹ ተቆርጠው ተከምረዋል፤ የሚነሡት መቃብሮች ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። አንዳንዱ ድንጋይ ሻጋታ በልቶት ፊደሉ አይታይም። ከትምህርት ቤት ጠመኔ ይዤ ነበርና እሱን በአግድሙ ሳሽበት ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እንዲህ እያደረግሁ ከረድፍ ረድፍ ዞርኩ። ቀሚሴ በጠመኔና በጭቃ ተለውሶ የሙት መንፈስ መስዬ ነበር።

ማሰሮ ያለባቸው እነዚህ ናቸው። አንዱ የቀድሞ የአውራጃ ዳኛ ነው። ድንጋዩ ላይ "ፍርድን ያላጓደለ" ተብሎ ተጽፏል፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር ትስቅ ነበር። ሌላዋ ሳህሊቱ የምትባል የነጋዴ ሚስት ናት፤ በወሊድ የሞተች። ሦስተኛው ሻምበል ነው፤ ስሙ ከወገቡ ተሰብሮ "ሻምበል" የሚለው ብቻ ቀርቷል። ከእነዚህ ውስጥ የእናንተ የትኛው ነው?

የእናቴም ድንጋይ ላይ ማሰሮ አለ፤ እሱን ግን ከፍለጋው አላስገባሁትም። ስለ እሱ አንድ ነገር ልንገርህና ለእሜቴ ለአያትህ አንብብላቸው። እናቴ በ67 ነሐሴ ስትሞት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለወጥ ቤት ሴት ማን ሣጥን ይሠራል? እሜቴ ግን የጥድ ሣጥን አሠሩላት፤ ድንጋይ አስቀረጹላት። ደግሞ የሁሉም ድንጋይ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የእናቴ ብቻ ወደ ምዕራብ ዞሯል። ወደ ቤሌ፣ ወደ አገሯ። ጠራቢው ተሳስቶ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን እሜቴ አዝነውላት እንደሆነ ገባኝ፤ በሕይወቷ ያልላኳትን አገር ሞታ እንድታየው ነው ያዞሩላት። በዚያ ቤት ብዙ መራራ ነገር አይቻለሁ፤ ለዚህ አንድ ነገር ስል ግን አንድም ቀን አልረገምኳቸውም። ልጆቼንም በየዓመቱ እየወሰድኩ ድንጋዩን አሳያቸዋለሁ።

የጫማውን ነገር ተወው፤ እዚህም ጫማ አለ። ይልቅ ይህ የምትፈልገው ነገር ምንድን ነው?

ዘመድህ
ፈጠነች


ፍራንክፈርት፣ የካቲት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እትዬ ፈጠነች፣

አምላክ በያለንበት ይጠብቀን። ደብዳቤሽ በታኅሣሥ ደርሶኝ ነበር። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነውና ይቅርታሽን እለምናለሁ። ስለ እናትሽ የጻፍሽውን ለአያቴ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ መጋረጃውን ዝጋልኝ አሉ።

የጻፍሽልኝ ሦስቱም ስሞች አይደሉም። ለልፋትሽ አመሰግናለሁ።

ከአንቺ የምደብቀው የለም። በ67 ዘማቾችና የቀበሌ ሰዎች የቤቱን ንብረት ሊመዘግቡ ሲመጡ አያቴ ውድ ዕቃዎቹን አስቀድመው አሽሽተዋል። የግራዝማች የብር ሰገባ፣ የወርቅ የአንገት መስቀል፣ የአያቴ የአንገት ድሪና የእግር አልቦ፣ የብር ዋንጫዎቹ። አንቺም ታስታውሻቸዋለሽ፤ ከእናትሽ ጋር በአመድ ትወለውሏቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከአንድ ድንጋይ ሥር ናቸው።

ለጊዜው ግን እሱን እንተወው። አሁን የሚያስጨንቀኝ የእማማ አሳየሽ ነገር ነው። የማንሻው ቀን ሳያልፍ አጽማቸውን አንሺ። ወጪውን በሙሉ እኔ እችላለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰው ልኬአለሁ። ሰው ባታበዢ ጥሩ ነው። ሁለት ቆፋሪ ይበቃል፤ በማለዳ፣ ሰው ሳይነቃ። ዘበኛውንም ቀድመሽ አነጋግሪ። በሁለት ሃይማኖት መካከል ስላለሽ ወሬ እንዳይበዛብሽ ብዬ ነው። ከማንሣትሽ በፊት ቀኑን ጻፊልኝ፤ የምነግርሽ ነገር ሊኖር ይችላል።

ሁልጊዜም አክባሪሽ
ይድነቃቸው


ወላይታ ሶዶ፣ መጋቢት 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለይድነቃቸው፣

ጌታ አብዝቶ ይባርክህ። ይህንን ከልቤ ነው የምጽፈው። ደብዳቤህን ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሳሉ ከፍቼ አነበብኩና አለቀስኩ። "እማማ አሳየሽ" ብለህ ጻፍክ! ያን ቤት ያህል ቤት ስታገለግል ኖራ ማንም እማማ ብሏት አያውቅም። አንቺ አሳየሽ፣ ነይ አሳየሽ፣ ሂጂ አሳየሽ ነበር። እኔም ሰው ፊት አዬ፣ እናቴ፣ ብዬ ከጠራኋት በወላይትኛ አትንጫጪ ተብዬ እቆነጠጥ ነበር። አያድርስ ነው ያሳለፍነው።

አንጁሎ ግን እንደ እኔ አላለቀሰም። ከግብርና ቢሮ ሲመጣ አነበብኩለት። "ይሄ ሰውዬ እናትሽ ስትሞት የት ነበረ?" አለኝ። "አራት ዓመቱ ነበር" አልኩት። "እሺ፣ አሁን ለምንድነው በማለዳ የሚለው? ሰው እናቱን ሲያነሣ ይደበቃል?" አለኝ። የአንጁሎ ነገር እንዲህ ነው፤ እህል ሲመዝን እንኳ ከሥር የሚያየው ነገር አለ። እኔ ግን ክፉ አላሰብኩም።

ብቻ አንድ ነገር ላይ አልስማማህም። ሌባ ነኝ እንዴ ሰው ሳይነቃ የምቆፍረው? እናቴ በሕይወቷ በጓሮ በር ገብታ በጓሮ በር ነው የወጣችው። አሁን በቀን፣ በዋናው በር፣ በሰው ፊት ነው የምትወጣው። ከሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሄጄ የሟች ልጅ መሆኔን አስመስክሬአለሁ። ለሌላ ዘመድ እንደማይፈቅዱ ታውቅ ነበር? መቃብር የሚያስነሣ የሥጋ ልጅ ወይም ወንድም ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ማክሰኞ ቀን ሰጡኝ። አጎቴ ቦልቴ ከነቤተሰቡ ከቤሌ ይመጣል። አጽሟን ተቀብሎ ይወስዳታል፤ ከእናቷ አጠገብ ቦታ አዘጋጅቷል። አናጢው ትንሽ ሣጥን እየሠራልኝ ነው። ነጭ ጨርቅ ገዝቻለሁ።

ከዕቃህ ፍለጋም አልቦዘንኩም። ሁለት ቅዳሜ ደግሜ ዞርኩ። የተጋደሙትን ሳይቀር አስገልብጬ አየሁ፤ በአንዱ ሥር የጉንዳን ቤት ነክቼ እጄ አብጦ ነበር። ሌላ ማሰሮ የለም። አንተ ግን ከእንግዲህ ስለ እሱ አለመጠየቅህ ይገርመኛል። ወርቅ የጠፋበት ሰው አትመስልም።

ዘመድህ
ፈጠነች


ፍራንክፈርት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈጠነች፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። በችኮላ ነው የምጽፈው። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ መቃብሩን እንዳትነኪ። ቀኑን አራዝሚ፤ ታመምኩ በያቸው።

ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አባቴ የተናገረው ድንጋይ ማሰሮ ያለበት ብቻ አልነበረም፤ ፊቱ ከሌሎቹ ሁሉ በተቃራኒ የዞረ ነው። ለምልክት ብለው ነው ያዞሩት። በኅዳር የጻፍሽልኝን ሳነብ የማን እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመጻፍ ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር ድንጋዩ ወደ ቤሌ ዞረላት ያልሽው ፊቴ ላይ እየመጣ እጄን ያዘኝ።

ዕቃው ከሣጥኑ ሥር ተቀብሮ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የእናትሽን አጽም በክብር አንሺ፤ ከሥር ያለውን ግን ሰው እንዳያይ። እባክሽ ሰው አትጥሪ።

ይድነቃቸው


ወላይታ ሶዶ፣ ግንቦት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለይድነቃቸው ገብረሥላሴ፣

ደብዳቤህ ዓርብ ደረሰኝ። መቃብሩ የተነሣው ማክሰኞ ነው። ሰላምታህንም ምርቃትህንም አንብቤአለሁ፤ ዛሬ ግን የምመልሰው የለኝም።

የሆነውን ልንገርህ። ሰው ሞልቶ ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከአጥሩ ጥግ ቆሙ፤ የሠፈሬ ኦርቶዶክሶች ከጥዱ ሥር ተቀመጡ፤ ከቤሌ የመጡት የእናቴ ዘመዶች መሃል ላይ ነበሩ። አጎቴ ቦልቴ እናቴ ልጅ ሆና ከቤሌ ስትሄድ ያያት ነው። ሸምግሎ ዓይኑ ደክሟል። አዲሷን ትንሽ ሣጥን ከእቅፉ አላወርድም አለ።

ቆፋሪዎቹ የጥዱን ሣጥን አገኙት፤ አልበሰበሰም። ለማውጣት ሲሉ ግን አልነቃነቅ አለ። ሁለት ሰው ጨመሩ፤ አልሆነም። ገመድ አስገብተው ስድስት ሆነው ነው ወደ ላይ የጎተቱት። ይህን ጊዜ ጎረቤቴ እማማ ተናኜ ብድግ አሉ። "ሥጋዋ አልፈረሰም! ሃያ ሰባት ዓመት አፈር ያልበላት ጻድቅ ናት!" ብለው እልል አሉ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ግቢው በእልልታ ተናጠ። አንዱ ቄስ ጥላ አስመጡ። የእኛዎቹ እንኳ እንዲህ ባለ ነገር የማያምኑት ኮፍያቸውን አወለቁ። አጎቴ ቦልቴ በጉልበቱ ወድቆ በወላይትኛ ስሟን እየጠራ ያለቅስ ነበር።

እኔስ? እኔም አመንኩ። ይህን ነው ይቅር የማልልህ። እናቴ ቅድስት ናት ብዬ አመንኩ። ያን ሁሉ ሥቃይ ጌታ አይቶላት ነው ብዬ ከሕዝቡ ጋር እልል አልኩ።

ከፈቱት። ከላይ ያለው የእናቴ ነጠላ ነበር፤ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ ፋሲካ የምትለብሰው። ሲገልጡት የብር ሰገባው ብልጭ አለ። ከሥሩ ዋንጫዎቹ፣ ድሪው፣ አልቦው፣ መስቀሉ በገለባ ተጠቅጥቀው ተቀምጠዋል። እናቴ የለችም። አንድ ጥርስ የለም። አንድ ጥፍር የለም። እልልታው ከአፋፍ እንደ ወደቀ ውኃ ቁልቁል ሄዶ ጠፋ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅ ዛሬ ይኸኔ ተጣልተናል።

አሁን ሁሉም ነገር ይገባኛል። ተስቦ ነው፣ ሣጥኑ አይከፈት ብለው ያባረሩኝ። ፊቷን ልሳም ብዬ ስጮኽ አባትህ ክንዴን ይዞ ያወጣኝ። በር ላይ የቆመው የቀበሌ ዘብ ተስቦ ሲባል ሰምቶ አፍንጫውን ይዞ ያሳለፈው። ወርቅ ነው የሸኘሁት። ለብር ነው ደረቴን የደቃሁት። ልጆቼን በየዓመቱ ይዤ የምሄደው የእናንተን ዋንጫ ላሳልማቸው ኖሯል!

ዕቃው ግንቦት ስድስት ቀን፣ ፖሊስና ሽማግሌ ባለበት ከሰበካ ጉባኤው መጋዘን ገብቶ ተቆልፏል። ነጠላዋን ብቻ ወስጃለሁ፤ ማንም አልከለከለኝም። አጎቴ ቦልቴ ባዶ እጁን ወደ ቤሌ ተመለሰ።

አንተ ዘመድ ፈልገህ አልነበረም የጻፍክልኝ፤ የሟች ልጅ ነበር የቸገረህ። ደህና፣ የሟች ልጅ እየጠየቀችህ ነው። እናቴ የት ናት? አያትህ ከአጠገብህ ናቸው፤ ጠይቃቸው።

ፈጠነች


ፍራንክፈርት፣ ሐምሌ 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ወይዘሮ ፈጠነች፣

ጤናና ብርታት እመኝልሻለሁ። የደረሰብሽን ሳነብ በጣም አዘንኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ አስከሬን አለመኖሩን አላውቅም ነበር። አያቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ብዙ ነገር ይረሳሉ፤ ማስጨነቁ ተገቢ አልመሰለኝም።

ስለ ዕቃው ከሕግ አዋቂ ተማክሬ ነበር። ከግራዝማች ቤት መሆኑን የሚመሰክር፣ ዕቃውን በዓይኑ ያየ ሰው ቃሉን በጽሑፍ ከሰጠ ለወራሹ ይመለሳል ብለውኛል። በሶዶ ያን ያየ ሰው ከአንቺ ሌላ የቀረ የለም። ለሰበካ ጉባኤው ፈርመሽ ብትሰጪ ውክልናውን እልካለሁ። የአንቺን ድርሻ አልረሳም፤ ከዋንጫዎቹ የወደድሽውን ትመርጫለሽ። መስቀሉ በፊት በኩል ትንሽ ዕንቁ ነበረበት፤ አለ ወይ? እርጥበት ነክቶት እንደሆነም ጻፊልኝ።

ይድነቃቸው ገብረሥላሴ


ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለይድነቃቸው፣

ዕንቁው አለ። አልፈርምም።

እናቴ የት ናት?

ፈጠነች


ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈጠነች፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። ብቻ ደህና ሁኚ።

ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ሌላ ቀን ስጠይቅ ተቆጡኝ። ባለፈው እሑድ ሾርባ ሳቀምሳቸው በድጋሚ ጠየቅሁ፤ ማንኪያውን ገፍተው ተናገሩ። ያሉትን ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ፤ ብቀንስ ደግሞ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ።

"ሣጥን አንድ ብቻ ነበር። በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ቆሟል። ምን ላድርግ ኖሯል? ከአንድ ቤት ሁለት ሣጥን ይወጣል? ከጓሮ፣ ከእንሰቱ መሃል አስቆፈርኩላት። ቄስ አልጠራሁም፤ በዚያን ጊዜ ማን ይታመናል? ሟች እንደሆነ አያውቅም። ልጅቷን ግን አሳድጌላታለሁ፤ ለሰው አልሰጠኋትም። እንሰቱን ስትኮተኩት የኖረችው እሷው አይደለች? ማን እንዳለ ባታውቅም እጇ ከእናቷ አልተለየም።"

ይህን ብለው ሾርባውን አምጣ አሉኝ። እኔ ግን ከክፍሉ ወጣሁ። እትዬ፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። እኔም የዚያ ቤት ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴም ልብሴም ከዚያ ቤት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ የምጠይቅበት ፊት እንደሌለኝም አውቃለሁ። ሐኪሞቹ አያቴ የዚህን አገር ክረምት አይሻገሩም ብለዋል። እሳቸው የሚለምኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሶዶ፣ ከግራዝማች አጠገብ ልቀበር ይላሉ። የግራዝማች መቃብር ከማይነሡት ወገን መሆኑን ሰምቻለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ግን በአገር ውስጥ ያለ ዘመድ ኃላፊ ሆኖ ካልፈረመ ሬሳ ከውጭ አይቀበልም አለ። ለማጓጓዣውም ያለኝ ተስፋ ያ ዕቃ ነው። ሁለቱም በአንቺ እጅ ናቸው።

አትፈርሚ ብትይ አልፈርድብሽም።

ይድነቃቸው


ወላይታ ሶዶ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለይድነቃቸው፣

ሳትቀንስ ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ጌታ ለዚህ ይቁጠርልህ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግሥት ወደ ድሮው ቤት ሄጄ ነበር። ቤታችሁ የቀበሌ መዝናኛ ሆኗል። እንሰቱ ከተነቀለ ቆየ፤ ጓሮውን ሲሚንቶ ለስነውበት የከረንቡላ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ወጣቶቹ እንጨት ይዘው ይዞራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ። የቱ ጋ እንደነበረ በእግሬ ልለካ ሞከርኩ፤ ማድ ቤቱም ፈርሷልና መነሻ አጣሁ። ኃላፊውን ሲሚንቶውን ልታስቆፍርልኝ ትችላለህ ወይ አልኩት። ምን ጠፍቶብሽ ነው አለኝ። እናቴ ስለው ያበድኩ መሰለው፤ ሻይ አዘዘልኝ። ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ተራሽን ጠብቂ ብለውኛል። ትንሿ ሣጥን ከቁም ሣጥናችን ላይ ተቀምጣለች። ልጆቹ አይነኳትም።

ያን እንሰት እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ ኮትኩቻለሁ፣ ፍቄአለሁ፣ ቆጮውን ጋግሬአለሁ። የዚያ ጓሮ እንሰት እንዲህ ያፈራ የነበረው እጄ ጥሩ ስለሆነ ነው እያሉ እሜቴ ለእንግዳ ያሞግሱኝ ነበር። አንተንም ሕፃን ሳለህ በቅቤ እያደረግሁ አጎርስህ ነበር። አብረን ነው የበላነው። ይህን ለአንጁሎም አልነገርኩትም፤ ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ብቻዬን መሸከም ስላልቻልኩ ነው።

ስለ ዕቃው ፈርሜአለሁ። ሰገባውንም መስቀሉንም አውቃቸዋለሁ፣ የግራዝማች ቤት ናቸው ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከዋንጫው አልመርጥም። ውክልናህን ላክና ይውሰዱልህ፤ በእኔ ቤት በኩል ግን ማንም ይዞት እንዳያልፍ።

ስለ ቀብሩም ጽሕፈት ቤት ጠርተው ጠየቁኝ። "የወይዘሮ ዓመለወርቅ ዘመድ ነሽ ወይ?" አሉኝ። ጸሐፊው መቃብሩ በተነሣበት ማክሰኞ እዚያ የነበረ ሰው ነው፤ እምቢ እንድል የፈለገ መሰለኝ። ዘመድ ነኝ አልኩና ፈረምኩ። ይምጡ። ድንኳኑን እኔ አስጥላለሁ፣ ንፍሮውን እኔ አስቀቅላለሁ፣ ለለቀስተኛው ውኃ እኔ አቀርባለሁ። በአያትህ ቀብር አንድ ነገር አይጎድልም፤ ሥርዓቱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ነገር ግን በፊርማዬ ሥር አንድ ቃል አስጽፌአለሁ፤ ጽሕፈት ቤቱም ተቀብሎ ማኅተም አድርጎበታል። ከውጭ የሚመጣ ሣጥን ታሽጎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት እዚያው፣ ሕዝቡ ፊት ይከፈታል። ቀርቤ ፊታቸውን አያለሁ። እሳቸው መሆናቸውን በዓይኔ ሳላይ አንድ እፍኝ አፈር አይወድቅባቸውም። መፍቻውን አንጁሎ ከመሥሪያ ቤቱ ይዞ ይመጣል።

ዘመድህ
ፈጠነች